በቀትር የተጻፈልኝ ቅጣት

ይህን ለሰው ተናግሬው አላውቅም። ሚስቴ ሳታውቀው አፈር ለብሳለች። ለንስሐ አባቴም አልነገርኩም፤ በየዐቢይ ጾሙ ፊታቸው ተንበርክኬ ጥቃቅኑን ሁሉ ስዘረዝር ይህችን እየዘለልኩ አልፌያለሁ። አሁን ለናንተ ለማታውቁኝ የምናገረው ጀግና ሆኜ አይደለም። ስታነቡኝ ፊታችሁን ስለማላይ ነው።

ሰው ገድያለሁ። እትዬ ዘሃራን የገደልኳቸው እኔ ነኝ።

ፊደል የቆጠርኩት ከአርባ ዓመቴ በኋላ ስለሆነ አጻጻፌ ቢንገዳገድ አትሳቁ። ብትስቁም ግድ የለኝም።

የቀወት ገበሬ ነበርኩ። እርሻው ሲሰለቸኝ በሬዎቼን ሸጬ አሮጌ ባጃጅ ገዛሁ። መንዳት የተማርኩት አውድማ ላይ ነው፤ በአንድ ሳምንት፣ በሬ በሚዞርበት ቦታ እየዞርኩ። መንጃ ፈቃድ ላውጣ ብል የትምህርት ማስረጃ አምጣ አሉኝ። ማስረጃ? የኔ ማስረጃ መዳፌ ላይ ያለው የእርፍ ጠባሳ ነው። ተውኩት። የሦስተኛ ወገን መድን የሚሉትንም ተውኩት። ሦስተኛው ወገን ማን እንደሆነ እንኳ አላውቅም ነበር። አሁን አውቃለሁ። መንገድ ዳር ቆሞ እጁን የሚያነሳ ሰው ነው።

ትራፊክ ያዘኝ፤ ቀጣኝ፤ ለቀቀኝ። ደግሞ ያዘኝ፤ ደግሞ ለቀቀኝ። ቅጣቱ እንደ ኬላ ሆነብኝ፤ ትከፍላለህ፣ ታልፋለህ። ሸዋሮቢት መናኸሪያ ጥላ ስር ተቀምጠን ስንስቅ አስታውሳለሁ። «ፈቃድ ያለው ለማውጣት ሲማስን ከረመ፣ የሌለው ከፍሎ አለፈ፤ ማነው ሞኙ?» ይል ነበር አንዱ ባልደረባችን። ከሁሉም በላይ የምስቀው እኔ ነበርኩ። እኔ።

የይፋትን ቆላ ቀትር የማያውቅ ሰው ይህን ነገር አይገባውም። ሌላው አገር ጨለማ ይፈራል፤ እኛ ቀትር እንፈራለን። ስድስት ሰዓት ላይ ከብቱ ግራር ስር ይተኛል፣ ወፉ ዝም ይላል፣ የሰው ጥላ ሸሽቶ ከጫማው ስር ይገባል። ሽማግሌዎቹ «ቀትር የሰው ሰዓት አይደለም» ይላሉ። እኛ የባጃጅ ሰዎች አንድ ልማድ ነበረን፦ በቀትር ጭር ባለ መንገድ ላይ ብቻውን የቆመ ተሳፋሪ ካየህ፣ ከመቆምህ በፊት እግሩን እይ። እግር ከሌለው አትቁም።

የዚያን ቀን የማሾ ዘር ለገበሬ አድርሼ ባዶዬን ስመለስ ነበር። ከዋናው አስፋልት በጀውሃ አቅጣጫ ወደ ገጠር የሚገባ ኮረኮንች አለ፤ መሐሉ ላይ ደረቅ ወንዝ ያቋርጠዋል። ግራና ቀኙ ማሽላ ነው። ወንዙን ወጣ እንዳልኩ ፊት ለፊቴ ጥቁር ጃንጥላ አየሁ። ከስሩ ሴት። ከመሬት የሚነሳው ወላፈን እየተንቀጠቀጠ ከጉልበት በታች ያለውን በልቶታል። እግር የላትም።

ፍሬን መያዝ ሲገባኝ እግር ፈለግኩ። እስኪ እዩት ይህን ሞኝነት! ያየሁት እግሯን ለማግኘት ነው፤ ፍሬኑ ከእግሬ ስር ነበር። ሴትዮዋ ሊያስቆሙኝ አንድ እርምጃ ወደ መንገዱ ገቡ። ደነገጥኩ። የደነገጠ እጅ ይጨብጣል፤ እኔ ደግሞ የጨበጥኩት ነዳጅ የሚሰጠውን እጀታ ነው። የተማረ ሹፌር እንዲህ አያደርግም። እኔ አውድማ ላይ የተማርኩ ነኝ።

ድምፁ ትንሽ ነበር። እንደ ደረቅ የማሽላ አገዳ።

ዓመት ሙሉ ለራሴ «የቀትር ነገር ነው የመታሁት፣ ሰው አይደለም» ስል ኖሬያለሁ። ውሸት ነው። አልፌ በመስታወቱ ሳይ መንገድ ላይ የተኙት እትዬ ዘሃራ ነበሩ፤ ስንት ጊዜ ከነዘንቢላቸው የጫንኳቸው፣ ሲወርዱ «አላህ ከክፉ ይጠብቅህ» የሚሉኝ። እግር ነበራቸው። አንዱ ጫማ ወልቆ ነበር። ጃንጥላው እንደተዘረጋ እየተንከባለለ ትንሽ ተከተለኝ፣ ከዚያ ቆመ። እትዬ ዘሃራ እጃቸውን አነሱ።

እጃቸውን አነሱ። በሕይወት ነበሩ። አይቼ ነዳሁ።

ለምን? ይህን ብትጠይቁኝ መልሱ አጭር ነው። ጭኜ ሆስፒታል ባደርሳቸው ፖሊስ ፈቃድህ የት አለ፣ መድንህ የት አለ ይለኛል። ያለ ፈቃድ መንዳት ቀላል ነበር፤ ሰው ገጭቶ ያለ ፈቃድ መገኘት ግን እስር ቤት ነው። ያኔ ነው ሕግ የፈራሁት። ሊያስቆመኝ በሚገባው ቀን ያልፈራሁትን ሕግ፣ ቆሜ ሰው ማንሳት በሚገባኝ ደቂቃ ፈራሁት።

ከተማው መግቢያ ላይ ትራፊኩ ቆሟል። ያው የማውቀው።

«ደግሞ አንተ! ዛሬስ ፈቃድህን አይጥ በላው?»

«ቤት ረስቼው ነው ጌታዬ።»

«ያልተወለደ ልጅ ቤት ይረሳል እንዴ?» ብሎ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። እመኑኝ፣ ሳቅሁ። ባጃጁን ዞር ብሎ አየው። «ይሄ መብራት ምን ነካው?»

«ድንጋይ ተፈናጥሮበት ነው።»

ጎንበስ ብሎ ከተሰበረው መስታወት መሐል መዳፍ የምታህል ጥቁር ጨርቅ መዝዞ አወጣ፤ አየት አደረጋትና ጣላት። ጻፈ። ብዙ ጻፈ። ወረቀቱን ሰጠኝ። በማግስቱ ከፈልኩ። ለእትዬ ዘሃራ የከፈልኩት ይኸው ነው። ሌላ አልከፈልኩም።

እሳቸውን አንድ ግመለኛ ለአሱር ሶላት፣ ለዘጠኝ ሰዓት ተኩል ሲቃረብ አገኛቸው። ሆስፒታል ሳይደርሱ መንገድ ላይ አረፉ። ከቀትር እስከ አሱር! ይህን ሰዓት ቁጠሩት እስኪ። እኔ በየቀኑ እቆጥረዋለሁ።

ገጪው ስላልተገኘ ሽማግሌዎች አውጫጭ ጠሩ። በዚያ መንገድ የሚነዳ ሁሉ ሾላው ስር ተሰብስቦ፣ እስላሙ በቁርአን፣ ክርስቲያኑ በመስቀል እየማለ ያየውን እንዲያወጣ። ተራዬ ሲደርስ ተነስቼ መስቀሉን ያዝኩ። «አላየሁም፤ አይቼ ከደበቅሁ ዓይኔ አይይ» አልኩ። ቀና ስል አንዲት ወጣት ሴት ከሰው ጀርባ ቆማለች፤ ጥቁር ጃንጥላ ዘርግታ። ፊቷን አላየሁትም።

ዓይኔን ጠበቅሁ። በየጠዋቱ ስነሳ መጀመሪያ የማየው ዓይኔ ማየቱን ነበር። ምንም አልሆነም። ይባስ ብሎ ለመንጃ ፈቃድ ብዬ የጎልማሶች ትምህርት ተመዘገብኩ። ከሰዓት በኋላ፣ ቀበሌው አዳራሽ። የመጀመሪያው ቀን ስገባ ጥግ ላይ ጥቁር ጃንጥላ ተደግፏል፤ አንድ ጎኑ በአረንጓዴ ጨርቅ ተጥፏል። እራፊው መዳፍ ያህላል። የምታስተምረን ሰዓዳ ትባላለች፣ የእትዬ ዘሃራ ልጅ።

ለምን አልሸሸሁም? ለመሸሽም ድፍረት ይጠይቃል። ተቀመጥኩ። «ሀ በሉ» አለች። ሀ አልኩ።

ጥሩ አስተማሪ ናት። ትልልቅ ሰዎችን ሳታሳፍር ታስተምራለች። ፊደል ማያያዝ ስንጀምር «ነገ ከቤታችሁ የተጻፈበት ነገር አምጡ፤ የመድኃኒት ካርቶንም ቢሆን፣ የሰርግ ጥሪም ቢሆን» አለች። እኔ ቤት ወረቀት የለም። ያለኝ በላስቲክ ጠቅልዬ ከመታወቂያዬ ጋር የምይዘው ያ የቅጣት ወረቀት ብቻ ነበር። ስሜና የምከፍለው ብቻ የተጻፈበት ይመስለኝ ነበር። ማንበብ የማይችል ሰው ወረቀት ሁሉ አንድ ይመስለዋል። ዓመት ሙሉ ደረት ኪሴ ውስጥ ይዤው ዞርኩ!

ቆሜ ማንበብ ጀመርኩ። «ያለ… መንጃ… ፈቃድ…» አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። «ሰው የልጁን ሰርተፊኬት ያመጣል፣ እሱ ቅጣቱን!» አለ አንዱ ሽማግሌ። እኔም ፈገግ አልኩ።

«ዝም በሉ፤ ያንብቡ ጋሼ» አለች ሰዓዳ።

«የሦስተኛ… ወገን… መድን… የሌለው…» ቀኑን አነበብኩ። ሰዓቱን አነበብኩ፤ ስድስት ሰዓት ከሃያ። የመጣሁበትን መንገድ አነበብኩ። ከታች በኩል፣ በጠባቡ ተጨምቆ፣ «የቀኝ የፊት መብራት… አዲስ ስብራት… ጥቁር… ጨርቅ… ተይዞበት…»

ወረቀቱን ወደ ፊቴ አስጠጋሁት። የሚስቅ ሰው አልነበረም። ጥግ የተደገፈው ጃንጥላ ተንሸራቶ ወደቀ። ነፋስ አልነበረም፤ ማንም አልነካውም።

ሰዓዳ ሄዳ አነሳችው፤ ቦታው መለሰችው። «ጥሩ አነበቡ ጋሼ» አለች። «መጨረሻው ላይ ግን ድምፅዎ ወረደ። እንደገና ያንብቡልን።»

እንደገና አነበብኩ።

ዓይኔ አይይ ብዬ የማልኩት ሰው፣ ያንን ወረቀት ያየሁት በዓይኔ ነው። እርግማን እንዲህም ይሠራል እንዴ? ዓይኔን ቢያጠፋው ይሻለኝ ነበር።

በዚያ ሳምንት ዓርብ፣ በቀትር፣ ወንዙን ወጣ እንዳልኩ ጥቁር ጃንጥላ ቆሟል። ከስሩ ሴት። ወላፈኑ ከጉልበት በታች በልቶታል። ፍሬን ያዝኩ፤ በዚህ ጊዜ ያዝኩ። መሬት መሬቱን አየሁ።

«እግሬን ነው የሚያዩት ጋሼ?» አለች ሰዓዳ። «ሰው ነኝ፤ ይጫኑኝ።»

የእናቷን መቃብር ጎብኝታ መመለሷ ነበር። ከዚያ ወዲህ ዓርብ ዓርብ እዚያው ቦታ ትቆማለች። ሌላ ባጃጅ ቢያልፍ አትሳፈርም፤ ባልደረቦቼ «ደንበኛህ እየጠበቀችህ ነው» እያሉ ያሾፉብኛል። ኋላ ትቀመጣለች። መስታወቱ ውስጥ የሚታየኝ አረንጓዴው እራፊ ብቻ ነው። አትከሰኝም፤ አታለቅስም። ከወረቀቱ በኋላ አንድም ቀን ስለወረቀቱ አላነሳችም። የምትለው አንድ ነገር ነው፦ «እዚህ ጋ ቀስ ይበሉ ጋሼ።»

አንድ ቀን ብቻ ጨመረች። «እናቴ ሰው አትጠረጥርም ነበር። እጇን ያነሳችው፣ የሚመለስ መስሏት ነው።»

እጃቸውን ማንሳታቸውን ከእኔ በቀር ያየ የለም። ለግመለኛው ነግረውት ይሆን?

አሁን ሰው መናኸሪያ ላይ ሲከራከር እሰማለሁ። ያለ ፈቃድና ያለ መድን ለሚነዳ ቅጣቱ በዛ ይላሉ፤ ድሀ እንጀራውን ሲያሳድድ ምነው ይላሉ። እኔ በዛ አልልም። አነሰ! ባጃጄን ያኔ ነጥቀውኝ ቢሆን፣ ወር አስረውኝ ቢሆን፣ እትዬ ዘሃራ ዛሬ ዘንቢላቸውን አንጠልጥለው ሮቢት ገበያ ይወጡ ነበር። በቀላል ቅጣት ማንም አይማርም። እኔ ነኝ ምስክሩ።

ግን ደግሞ ራሴን እሰማዋለሁ። ካላስፈራሩት ሰው የማይገድል ከሆነ፣ ይህ ምን ዓይነት ሰው ነው? እጅ የተነሳለት ሕጉ ነው ወይስ እኔ? በመስታወቱ ያየው ሕጉ ነው ወይስ እኔ? እኔ ነኝ። ቅጣቱ አነሰ፤ ገዳዩ ግን እኔ ነኝ። አንዱ ሌላውን አያጥበውም።

ይቅር በሉኝ አልላችሁም። እናንተ የምትተውልኝ ነገር የላችሁም፤ የሞተችው የናንተ እናት አይደለችም።

ይህን ሁለት ጊዜ ገልብጬዋለሁ፤ አንዱ ለናንተ ነው። ሌላውን ከቅጣቱ ወረቀት ጋር በዚያው ላስቲክ ጠቅልዬዋለሁ። ነገ ዓርብ ነው። በቀትር እዚያው ቦታ ትቆማለች፤ በእጇ እሰጣታለሁ። እያንዳንዱን ፊደል ያስተማረችኝ እሷ ናት፤ እስክታነብ ሞተሩን አጥፍቼ እጠብቃለሁ። ከዚያ ወዴት እንደምነዳ ትነግረኛለች፤ ወደ ቤቷ ወይም ወደ ፖሊስ ጣቢያው። ያለችኝ ቦታ አደርሳታለሁ፣ ቀስ ብዬ። አሁን መንጃ ፈቃድ አለኝ።