ክፍላችን ኖራ የተቀባበት ቅዳሜ

ዛሬ ጠዋት አባቴን አይሁዳዊነቱን ወደሚመረምረው ራቢ ልወስደው፣ እስራኤል ውስጥ ራማት የዲዲም በሚባለው ሰፈር ካለው ቤታችን ስንወጣ የደረጃው ግድግዳ አዲስ ኖራ ተቀብቶ ነበር። ሽታው ጎንደር፣ ወደተማርኩበት የክርስቲያን ትምህርት ቤት ወሰደኝ።

አንድ ቅዳሜ ክፍላችንን ኖራ ለመቀባት ወላጅ ሁሉ ተጠራ። እናቶች ዳቦና ንፍሮ ይዘው መጡ፤ አባቶች እጅጌያቸውን ሰብስበው እየተሳሳቁ ይቀቡ ጀመር። አባቴ ግን ጋቢውን እንደለበሰ በር ላይ ቆመ።

«ይግቡ እንጂ፣ አቶ ታከለ!» አሉት መምህራችን፣ ብሩሽ እያቀበሉት።

«ዛሬ እጄ የእኔ አይደለም» አለ አባቴ።

«ስንፍና ነው!» አለች የጓደኛዬ እናት። ሁሉም ሳቁ። እኔ ነገሩ አልገባኝም። ወደ እሱ ልሂድ፣ ከእነሱ ጋር ልቀባ፣ ጨንቆኝ ግቢው መሀል ቆሜ አለቀስኩ።

ዛሬ ራቢው ዘንድ ስንቀርብ «እዚያ ሻባትን፣ የቅዳሜን ሰንበት፣ ታከብር ነበር?» ብሎ በዕብራይስጥ ጠየቀው። ተረጎምኩለት።

«ያየሽውን ንገሪው፣ ልጄ» አለኝ አባቴ።

ያቺን ቅዳሜ ነገርኩት። ራቢው በጥሞና ሰማኝና «ከልጅ ሌላ ምስክር አለው?» አለኝ።

«ምን አለ?» አለኝ አባቴ፣ ፊቱ በተስፋ በርቶ።

መተርጎም አቃተኝ።