የአባታችን ጋሻና ፈረንሳዊው ሙሽራ

ቅዳሜ፣ ጎህ ሲቀድ፣ ባሕር ዳር

መንገዱ ሰላም ነው ሲባል ምን እንጠብቃለን? ሚኒባሱ ውስጥ ገብተናል። አብሮኝ ያለው ሉክ ነው፤ ፈረንሳዊ፣ የውኃ ጉድጓድ ባለሙያ፣ ታናሽ እህቴን ሊያገባ የቆረጠ ሰው። እንጅባራ ያሉት አባታችን፣ ሽማግሌ ከመላኩ በፊት ራሱን ልየው፣ እሷ ትቅርና አንተ አምጣው ብለውኛል። እህቴ መናኸሪያ ድረስ ሸኘችን። እሳቸው እምቢ ካሉ እንደማታገባው በጆሮዬ ነገረችኝ። ጉድ ፈላ! ከዚያ ወዲያ መንገድ ላይ እንቅልፍ ከየት ይምጣ።

ሹፌሩ የሉክን አገር ሲሰማ መሪውን ሊለቅ ምንም አልቀረው። ፈረንሳዮች ጥይት ሲጮኽ ነጭ ጨርቅ ያወጣሉ የሚል ቀልድ ስልኩ ላይ አይቷል። ከኋላችን ያሉት ሴትዮ ደግሞ ሽቶ ይቀባሉ እንጂ አይታጠቡም ሲባል ሰምቻለሁ አሉ። አማርኛ እንደሚሰማ ማን ይንገራቸው! እሱ ግን ሳቀ፤ የከነከነኝ እኔን ነው። አዲስ አበባ ስማር፣ ጎጃሜ ቡዳ ነው ብለው እኔ ስገባ ምሳቸውን የሚሸፍኑ የዶርም ልጆች ነበሩ። ቀልድ ነው ይላሉ፤ ምሳው ግን እንደተሸፈነ ነው።

ረፋድ፣ ዳንግላ

ጋሪ ከባጃጅ ይጋፋል። ትኩስ ዳቦ በማር፣ ፉል፣ ሻይ። ስለ ፈረንሳዮች ከሚባለው አንዱ እውነት ሆኖ አገኘሁት፤ ምግብ ላይ አይቸኩሉም። ሹፌሩ ክላክሱን ሲያቀልጠው ሉክ የማሩን ሰሃን በዳቦ እየጠረገ ንቡ የየትኛውን አበባ እንደቀሰመ አስተናጋጇን ይጠይቃል። ወደድኩት፣ ምን ልዋሽ።

ከዚያ አዲስ ቅዳም፤ መንገዱ ዳርና ዳር የከሰል ጆንያ፣ ጭጋግ፣ ብርድ። ሉክ የሸሚዙን ኮሌታ ደጋግሞ ያስተካክላል። እሱም እንደኔ ፈርቷል።

ከሰዓት፣ እንጅባራ

አባታችን ተመልካች በከበበው የጉግስ ጨዋታ ሜዳ ላይ ፈረሳቸውን እያፍታቱ ደረስንባቸው። ጋሻቸው ክንዳቸው ላይ ነው፤ ያንን ጋሻ ለእኔ ለልጃቸው እንኳ አውሰውኝ አያውቁም። ሰላምታው ሳያልቅ፣

«ፈረንሳይ ይሸሻል ይሉኛል፤ እውነት ነው?» አሉ።

ላለሳልሰው አፌን ስከፍት ሉክ ቀደመኝ።

«አያቴ ሸሽቷል፣ አባባ። ጦሩ ተሸነፈ፤ አልማረክም ብሎ በእግሩ ወደ ሚስቱ ሸሸ። ባይሸሽ አባቴ አይወለድም ነበር።»

አለቀልን አልኩ በልቤ። አባታችን ግን የጎረቤት ፈረስ አስመጡ። ሉክ ልጅ ሆኖ ገጠር ፈረስ እንደጋለበ እህቴ በስልክ ነግራቸው ኖሯል። ጋሻቸውን ከክንዳቸው አውልቀው ሰጡት።

«ጉግስ ላይ መጀመሪያ የምናስተምረው መሸሽን ነው። ጀርባህን ጋርደህ ካልሸሸህ ዘንጉን ትቀምሳለህ። እኔን ሽሽት አያስፈራኝም። የሚያስፈራኝ፣ ሜዳው ጫፍ ደርሶ የማይዞር ሰው ነው። ልጄን ይዘህ በዚያው ብትቀርስ?»

አባታችን ዘንጋቸውን ሲያነሱ ሉክ ፈረሱ ላይ ወጣ። ሸሸ። ኮፍያው ወደቀ፣ የአባታችን ዘንግ ጋሻው ላይ አረፈ፣ ሜዳው ጫፍ ሲደርስ የፈረሱን አንገት አቅፎ እንደምንም ዞረ። ተመልካቹ በሳቅ ፈረሰ፤ እኔም አብሬ።

ወርዶ ጋሻውን ሲመልስላቸው አልተቀበሉትም።

«ያዘው። ከእሷ ጋር መጥተህ ትመልስልኛለህ።»

ወዲያው ለእህቴ ደወልኩ። ምን አሉ ስትለኝ ጋሻ አዋሱት አልኳት።

«የራሳቸውን?»

«የራሳቸውን።»

ኔትወርክ የተቋረጠ መስሎኝ ነበር። እያለቀሰች ነው ለካ።