ልጄ «እርስዎ» ስትለኝ

ከደሴ የወጣሁት አመሻሽ ላይ ነው፣ የመግሪብ አዛን ካለቀ ብዙም ሳይቆይ። እናቴ «ልጅቱ ሳትተኛ እንዳትወጪ» ብላኝ ነበር፤ ፈቲያ ግን የዚያን ዕለት እንቅልፍ የሚባል ነገር እምቢ አለች። ሁለት ዓመት ተኩሏ ነበር። የሻሼን ጫፍ በትንንሽ ጣቶቿ ጠቅልላ ይዛ «የት ልትሄጂ ነው?» ትለኛለች፣ ዓይኔን ዓይኔን እያየች። መኪናው ውጭ ይጠብቃል፣ ደላላው ሁለት ጊዜ ጥሩምባ አስነፍቷል። «ከረሜላ ልገዛልሽ» አልኳት። ያኔ ጣቶቿን አንድ በአንድ ፈታቻቸው። «ቶሎ ነይ፣ እሺ?» አለችኝ። «ነይ» ማለቷን ያዙልኝ፣ በኋላ እመለስበታለሁ።

ከረሜላው አሥራ አንድ ዓመት ፈጀ።

መጀመሪያ አረብ አገር በሰው ቤት ሦስት ዓመት ሠራሁ። ያንን የምታውቁት ታውቁታላችሁ፣ የማታውቁት ባታውቁት ይሻላል። በአራተኛው በጋ አሠሪዎቼ ለዕረፍት ለንደን ሲመጡ ልጆቻቸውን እንድይዝ እኔንም ይዘውኝ መጡ። ፓስፖርቴ የእመቤቲቱ ቦርሳ ውስጥ ነው። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ቆሻሻ ልጥል በነጠላ ጫማ ወጣሁና በዚያው ቀረሁ። መጀመሪያ ያገኘሁት አውቶቡስ ላይ ወጣሁ፤ ሾፌሩ ጫማዬን አይቶ ይሁን ፊቴን፣ በእጁ «ግቢ» አለኝ። ወዴት እንደሚሄድ አላውቅም። መሀል መንገድ ላይ ከኋላዬ አንዲት ሴት በአማርኛ ስትሳደብ ሰማሁ፤ «ይህን ደንዛዛ ምን ያስቆመዋል፣ አይሮጥም እንዴ፣ እግሩ ይሰበር!» ትላለች። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ስድብ ጣፍጦኝ አያውቅም። ዘወር ብዬ «እህቴ» አልኳት፣ ለቅሶዬ ቀደመኝ።

አልማዝ ነበረች፣ የአዲስ አበባ ልጅ፣ እስከ ዛሬ ጓደኛዬ። የምትሳደበው ባሏን መስሎኝ ነበር፤ ለካ አሜሪካ ካለው ወንድሟ ጋር በስልክ እየተነጋገረች የቤዝቦል ቡድናቸውን፣ ያንን የአሜሪካኖች የዱላና የኳስ ጨዋታ፣ እያየች ነው። ሃያ ዓመት አልተያዩም። እሱ እዚያ፣ እሷ እዚህ፣ አንድ ጨዋታ ከፍተው አብረው ይሳደባሉ። «ስለ ሌላው ነገር ካወራን እንላቀሳለን፣ ስለ ቤዝቦል ስናወራ ግን ዝም ብለን እንጣላለን» ትላለች። በዚያው ቀን ሰፈሯ ሃርልስደን ይዛኝ ሄዳ፣ ከሶፋዋ ላይ አስተኛችኝ፣ በማግስቱ ጫማ ሰጠችኝ።

ስለ ለንደን ብዙ ሰው ብዙ ጽፏል፣ እኔ የምጨምረው ትንሽ ነው። የደሴ ዝናብ ይቆጣል፣ ይወርዳል፣ ያባራል። የለንደኑ እንደ አኩራፊ ባል ነው፣ ቀኑን ሙሉ ሲያጉረመርም ይውላል እንጂ ለይቶለት አይጣላም። ቲማቲሙ ሲያዩት ያምራል፣ ሲያሸቱት ምንም የለም። ሰዉ ሲገጭህ እሱ ሶሪ ይላል፣ ስትገጨውም እሱ ሶሪ ይላል፤ ማን እንደበደለ ሳይታወቅ መንገዱ ይቀጥላል።

ሃርልስደን በተከራየኋት አንዲት ክፍል ውስጥ ሆኜ ጥገኝነት፣ አሳይለም የሚሉትን፣ አፕላይ አደረግኩ፣ ጠበቅኩ። ፈቲያን ያሳደግኩት በዚያች ክፍል ነው፣ በስልክ። ስፒከሩን ከፍቼ አልጋ ላይ አስቀምጠውና እሷ የቤት ሥራዋን እያነበበች እኔ ልብስ አጣጥፋለሁ፣ አንድ ቤት ያለን እስኪመስለኝ። አንድ ቅዳሜ አከራዬ ሚስተር ኮሊን በሩን አንኳኳ።

«ውሉ ላይ አንድ ሰው ነው የሚለው» አለኝ። «ልጅ ደብቀሻል።»

«ልጅ የለም።»

«ድምጿን ስንት ሳምንት ሰምቻለሁ። አሁንም ታወራለች።»

እውነቱን ነው፣ ፈቲያ ያን ጊዜ የማባዛት ሰንጠረዥ እያነበነበች ነበር። «እሷ ደሴ ናት» አልኩት።

«ደሴ የትኛው ፎቅ ነው?»

ስልኩን አንስቼ አሳየሁት። ስክሪኑን አየ፣ አልጋዬን አየ፣ ቁምሳጥኑን ከፍቶ አየ። ከዚያ ትንሽ አፈረ መሰለኝ፣ «ሄሎ» አላት ወደ ስልኩ ጎንበስ ብሎ። ፈቲያ በትምህርት ቤት እንግሊዝኛዋ «ጉድ ሞርኒንግ ቲቸር» አለችው። አልማዝ ይህን ወሬ እስከ ዛሬ ለሰው ስታወራ ትስቃለች። እኔም እስቃለሁ።

እንግዲህ በዚያው ዘመን ነው ነገሩ የጀመረው። ሰባት ዓመት ሳይሞላት አልቀረም፣ አንድ ቀን ደወልኩና «ሄሎ፣ እንደምን ዋሉ? ደህና ነዎት?» አለችኝ። ሌላ ሰው ያነሳው መስሎኝ «ፈቲያን አቅርቢልኝ» አልኳት። «ፈቲያ ነኝ እናቴ» አለች። ጨዋ አድርገው አሳደጓት ብዬ ያን ቀን ኮራሁ፣ ዋሽቼ ምን አደርጋለሁ። ለእናቴም «አላህ ይስጥሽ» አልኳት። ቀስ በቀስ ነው የገባኝ። ፈቲያ አያቷን «እማዬ» ትላታለች፣ «አንቺ» ትላታለች። ያኔ «ቶሎ ነይ» ያለችኝን እኔን ግን «እናቴ» እና «እርስዎ»። ደሴ አንድ ልጅ «እርስዎ» የሚለው ሼሁን፣ ቄሱን፣ የትምህርት ቤቱን ርዕሰ መምህር ነው። የገዛ እናቱን የሚል አላየሁም።

ወረቀቴ ተፈቀደ፣ ልጄን ለማምጣት ፋሚሊ ሪዩኒየን አፕላይ አደረግኩ፣ ያም ከስንት ምልልስ በኋላ ተፈቀደ። ባለፈው ዓመት ኤርፖርት ሄድኩ። ከእኔ የምትረዝም ልጅ ሻንጣ እየገፋች ወጣች። ላቅፋት እጄን ዘረጋሁ፤ እሷ ሻንጣዋን አስቀምጣ ጉልበቴን ልትስም ጎንበስ አለች። «እንደምን ሰነበቱ?» አለችኝ። እዚያ በተቃቀፈው ሰው ሁሉ መሀል እኔና ልጄ እንደ አማችና ምራት ቆምን።

አሁን የምንኖረው እዚያው ለንደን፣ ስትሪትሃም ነው። «ውሃ ልጠጣ፣ ይፈቅዱልኛል?» ትለኛለች፣ በገዛ ቤቷ። ከሥራ ስገባ ከመቀመጫዋ ትነሳለች። ስልክ ከእናቴ ጋር ስታወራ ግን በበሩ ቀዳዳ እሰማታለሁ፤ «በልተሻል? መድኃኒትሽን ውጠሻል? ናፍቀሽኛል እኮ አንቺ!» ትላታለች። በገዛ እናቴ ቀናሁ። ነውር ነው፣ ግን ቀናሁ። አንድ ቀን አጠገቤ አስቀምጬ «ፈቲ፣ እኔንም አንቺ በይኝ» አልኳት። ደነገጠች። «ነውር ነው» አለች፣ «እማዬ ትቆጣኛለች።» ሁለተኛ አልጠየቅኳትም። ፍቅር በትእዛዝ የሚሆን አይደለም።

ታዲያ ባለፈው እሑድ ፀሐይ ወጣች፣ አልማዝም «መናፈሻ እንውጣ» አለች። ቤዝቦሏን ሁሉ ይዛ መጣች፤ ኮፍያዋን፣ ጓንቷን፣ ወንድሟ የላከላትን ዱላና ኳስ። ብሪክስተን የምትሠራው ጓደኛችን ሰዓዳ ምግብ ይዛ መጣች። ምንጣፍ ዘርግተን ተቀመጥን፣ እኔ ሻይ ከፔርሙስ ስቀዳ ፈቲያ ተነስታ ሁለቱንም «እንደምን ዋሉ» ብላ ጨበጠቻቸው።

«ወይኔ» አለች ሰዓዳ፣ ፈቲያ ኳሱን ይዛ ራቅ ስትል። «ወላሂ አንቺ ታድለሻል። የእኔዎቹ ብሮ ይሉኛል፣ እንደ ሰፈር ወንድ ጓደኛ። ዘጠኝ ወር ተሸክሜ፣ ብሮ።»

«የእኔው» አለች አልማዝ፣ «ባለፈው ክፍልህን አጽዳ ብለው፣ አልማዝ ካልም ዳውን አለኝ። በስሜ።»

«ቁንጥጫ ጎድሎት ነው» አለች ሰዓዳ። « እናቴ እኮ እንግዳ ፊት አፏን አትከፍትም፣ በዓይኗ ነው የምታናግረን። አንዴ ካየችን ተነስተን እንወጣለን፣ ሁለቴ ካየችን ጭናችን ቀጠሮ ተይዞለታል።»

«እዚህ ቆንጥጪና ሶሻል ወርከር በር ላይ ናት።»

«እኔም አሁን በዓይኔ ሞከርኩ። ልጄ ምን አለኝ መሰለሽ? ማሚ፣ ዓይንሽን ያመሻል እንዴ?»

ሳቅን። እኔም ሳቅኩ። ሁለቱ ልጄን ሲያመሰግኑ «የት አገኘሽ እንዲህ ያለ ጨዋ ልጅ» ሲሉ፣ በልቤ ግን ብሮ በተባልኩ እያልኩ ነበር። አልነገርኳቸውም። የጠገበ ሰው ፊት ራበኝ እንደማለት ይሆንብኛል፣ እነሱ ደግሞ የጠገብኩት እኔ መስያቸዋለሁ።

አልማዝ ተነስታ ጨዋታውን ማስረዳት ጀመረች። ሰዓዳ አላስረዳ አለቻት፤ «ሦስት ሰዓት ሙሉ ቆመው ማስቲካ የሚያኝኩበት ጨዋታ!»

«አንቺ ክሪኬት አምስት ቀን የሚጫወቱ ሰዎች አገር ተቀምጠሽ ይህንን ትናገሪያለሽ? ስሚ፣ ቀላል ነው። ከቤት ትነሻለሽ፣ ዞረሽ ዞረሽ ቤትሽ ትመለሻለሽ፣ ያኔ ይቆጠርልሻል።»

«መሀል ላይ ቆሞ የቀረውስ?»

«እሱ አይቆጠርለትም» አለች አልማዝ።

ከዚያ የካልሲ ኳስ ተነሳ። አሮጌ ካልሲ ውስጥ ጨርቅ ጠቅጥቀን የምንጫወተው፤ ሁለቱ ከዳርና ከዳር ሆነው ይወረውራሉ፣ መሀል ያለችው ትሸሻለች፣ የተመታች ትወጣለች። አልማዝ ቤዝቦል የዚያው ልጅ ነው ትላለች። ሰዓዳ «አባቱ ግን ካልሲ መሆኑን አሜሪካኖች አልሰሙም» አለች። ኳሱን ይዛ የተመለሰችው ፈቲያ ይህን ስትሰማ ሳቀች፣ «እኛም ደሴ እንጫወታለን፣ እማዬ ካልሲዋን ስንወስድባት ትቆጣለች» አለች። እንዲህ በራሷ ጀምራ ስታወራ የመጀመሪያዋ ነው። አልማዝ ዱላውን አስያዘቻት። ሁለት ጊዜ ሳተች። ሦስተኛውን መታችው።

እኔ ጀርባዬን ሰጥቼ ለሰዓዳ ሻይ እያቀበልኩ ነበር። ድምፅ ሰማሁ፤

«እማ! ዞር በይ!»

ዞር አልኩ፣ ግን ወደ ኳሱ። ድምፁ ወደመጣበት ነው የዞርኩት፤ «በይ» ያለችኝን ልጅ ላያት። ኳሱ ከግራ ቅንድቤ በላይ አገኘኝ። ካልሲ አልነበረም።

ዓይኔን ስገልጥ ፈቲያ ተንበርክካለች፣ ፊቷ አመድ መስሏል። «ይቅርታ ያድርጉልኝ እናቴ» ትላለች፣ «ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ አንቺ ብዬ ጮህኩብዎት። አስቤ አይደለም፣ አፌ አምልጦኝ ነው።»

«ግንባሯን ሰንጥቀሽ» አለች ሰዓዳ፣ «ይቅርታ የምትጠይቂው ስለ አንቺታው ነው?»

አለቀስኩ። አልማዝ አሞኝ መስሏት አምቡላንስ ልትጠራ ስልኳን አወጣች። አሞኛል፣ አልዋሽም። ግን ያን ኳስ ሌላ ሦስት ጊዜ በወረወረችብኝ ብዬ ነው ያለቀስኩት።

ቤት ገብተን ፈቲያ ራሷ ደሴ ደወለች። ጥፋቷን አያቷ ከእኔ አፍ እንድትሰማው አልፈለገችም፣ ሁሉንም ነገረቻት፣ አንቺ ማለቷን ጭምር። እናቴ እስከ መጨረሻው ሰማቻት። ከዚያ «ስልኩን ለእናትሽ ስጪያት» ስትል ሰማሁ።

«እማ» አልኳት፣ «ለምንድን ነው እንዲህ ያስለመድሻት? እኔ እኮ እናቷ ነኝ።»

«ምን ላድርግ ልጄ» አለች። «ስትሄጂ ጎረቤቱ ልጇን ጥላ ሄደች አለ። ልጅቱ ሰምታ መጥታ፣ እሷ ጥላኝ ነው የሄደችው? አለችኝ። እሷ አለች፣ እንደ ሜዳ ሰው። ፈራሁ። ነገ ንቃሽ ታድጋለች ብዬ ፈራሁ። ስለዚህ እሷ አይባልም፣ እሳቸው ነው የሚባለው አልኳት። ስምሽ በተነሳ ቁጥር እሳቸው እያልኩ አሳደግኋት። ከፍ አድርጌ ያስቀመጥኩሽ ማንም እንዳይረግጥሽ ነው።» ትንሽ ቆይታ «እንዳትደርስብሽ ብዬ አልነበረም» አለች።

አሥራ አንድ ዓመት ክብሬን ስትጠብቅልኝ ኖራ፣ እኔ በሩ ሥር ሆኜ ስቀናባት ነበር። «እሺ እማ፣ ደህና ሁኚ» አልኳት። ስልኩን ዘግቼ ሶፋው ላይ ጋደም አልኩ።

ፈቲያ ፍሪጁን ሳታስፈቅድ ከፈተች። የቀዘቀዘ አተር በፎጣ ጠቅልላ አመጣች፣ አጠገቤ ተቀምጣ ቅንድቤ ላይ ያዘችልኝ። ልትጠይቀኝ አፏን ከፈተች፣ ከዚያ ቆም አለች። የትኛው ቃል እንደሚሻል ስታስብ ከንፈሯ ላይ አየሁት። አንቺ አላለችኝም፣ እርስዎም አላለችኝም።

«ያማል?» አለች።

«ያማል» አልኳት። እጇን እንዳታነሳ።