የተላጠው ጣት

ባርኔጣውን እስከ ቅንድቡ የደፋው ሽማግሌ የመድኃኒት ማዘዣውን በሁለት እጁ ለፋርማሲስቷ ዘረጋላት። ፀሐይ ለጎዳው ቆዳ የሚቀባ ጄል ነው፤ ሁለተኛ ቱቦው። ነገሩ አልጣማትም። ይህ መድኃኒት ሲሠራ ቆዳን ያቀላል፣ ይልጣል። የሰውየው ጉንጭ ግን የዛሬ ወር እንዳየችው ሸካራ ነው። ሸሚዙ እስከ አንገቱ ተቆልፏል፤ በካውያ አተኳኮሱም የሴት እጅ ያረፈበት አይመስልም። ወስዶ ይሸጠው ይሆን እንዴ?

«አባባ፣ የሚቀቡት እርስዎ ነዎት?»

«ታዲያ ማን ሊቀባልኝ ኖሯል?»

«በስሱ ይቀቡት፤ ዓይን እንዳይነካ። እጅዎን ወዲያው ይታጠቡ፣ ፀሐይ ላይም አይውጡ።»

እንደ ጥሩ ተማሪ ራሱን ነቀነቀ። ቱቦውን ሲቀበላት ግን የሌባ ጣቱ ጫፍ ቀልቶ ተልጦ አየች። በሩ ጋ ደርሶ ተመለሰ።

«ልጄ፣ ዓይንሽን ጨፍኚ ሲሏት እሺ የማትል ሰው ብትሆንስ?»

«ማን ናት?»

«ባለቤቴ።»

«ለእርስዎ የታዘዘ ለሌላ ሰው አይሆንም። እሷኑ ሐኪም ይያት።»

«እሷ ከቤት አትወጣም።»

«ከቤት ካልወጣች ፀሐይ የት አገኛት? አትወጣም ወይስ አያስወጧትም?»

ሽማግሌው ቱቦውን በዚያ በተላጠ ጣቱ ጥብቅ አድርጎ ያዘው።