የወፍ ጠባቂው ጆሮ

ቁሐር ሚካኤል ላይ ሩዝ ሲያሸት ግሪሳ የሚፈራው አንድ ሰው ነው፤ አያ ገበያው። ጅራፉን ሲያስጮኸው የወፉ መንጋ ከማሳው ብድግ ብሎ ወደ ጣና ይሸሻል። ምን ያደርጋል፣ ቀኝ ጆሮውም አብሮ ሸሸ፤ ግራውም ደከመ። እሱ ግን ትንፍሽ አላለም። ሰው ሲያናግረው «ተመስገን» ይላል። አንዴ መርዶ ሲያረዱት «ተመስገን» ብሎ ዘመዶቹን አስኮርፏል።

አሁን ከይፋግ ሽማግሌ ሊመጣ ነው፤ ሴት ልጁን ይርጋለምን ለጋብቻ ለመጠየቅ። ሽማግሌ ደግሞ የሚናገረው ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነው። ሳይሰማ «ተመስገን» ካለ ልጁን ፈቃዷን ሳይጠይቅ ሰጣት ማለት ነው። ጨነቀው። ግቢው ውስጥ የተከራየችውን የባዮሎጂ መምህርት፣ ነፃነትን፣ ስለ ጆሮው ጠየቃት።

«አያ ገበያው፣ ጆሮዎ ውስጥ ውኃ አለ» አለችው ጮክ ብላ። «ዳር ያሉት ሴሎች ፖታሲየም የሚባል ንጥረ ነገር ወደ ውኃው ይገፋሉ። ድምፅ ሲመጣ የሌሎቹ ሴሎች ፀጉር ያዘነብልና ፖታሲየሙ ወደ ውስጣቸው ይገባል፤ ያኔ ይሰማሉ። የገባው በታች ወጥቶ ተመልሶ ወደ ውኃው ይገፋል።»

«እንደ ሩዝ ማሳ ውኃ!»

«እንደዚያ ነው። የወፍም እንዲሁ ነው፤ የእኛዎቹ ገፊዎች ግን ከወፍ ይበረታሉ።»

ኮራ። «ታዲያ የኔን ምን ነካው?»

«የጅራፉ ጩኸት ፀጉራሞቹን ሴሎች ገደላቸው። የሰው ከሞተ አይተካም። የወፍ ግን እንደገና ይበቅላል።»

«ሩዜን ለሚበላው ግሪሳ ጆሮ ይብቀልለት፣ ጠባቂው ልደንቁር? ይኼ ፍርድ ነው?»

ሚስቱ ውባንቺ ከጓዳ «ጅራፍ ራሱ ገርፎ ራሱ ይጮኻል!» አለች። ደግነቱ አልሰማትም።

ነፃነት በወሬ መሃል ፖታሲየም ሙዝ ውስጥም አለ ማለቷን ግን ሰምቷል። ሙዝ የሞተ ሴል አያስነሳም ብትለውም፣ ወረታ ሄዶ ሙዝ ተሸክሞ መጣ። በላ፣ በላ። ሆዱ ተነፋ፤ ጆሮው ያው ነው።

ሽማግሌዎቹ እሑድ ጠዋት መጡ። እንደ ወጉ አንቀመጥም ብለው ቆሙ። ትልቁ ሽማግሌ ንግግር ጀመሩ፤ አያ ገበያው ግን ከንፈራቸው ሲንቀሳቀስ ብቻ አየ። «ተመስገን» አፉ ላይ ደረሰችና ዋጣት። በመጨረሻ ሀፍረቱን ጣለ።

«ጆሮዬ አይሰማም! ጮኻችሁ ንገሩኝ!»

ሽማግሌው «ልጅዎን ለልጃችን ይስጡን!» ብለው ጮኹ፤ ጎረቤቱ አጥር ላይ ተደረደረ። አያ ገበያው ይርጋለምን ወደ ጥግ ወስዶ በሹክሹክታ ጠየቃት። የደንቆሮ ሹክሹክታ ግን መንገድ ይሻገራል።

«ልጁን ትወጂዋለሽ?»

በሰው ፊት ድምፅዋን ከፍ አድርጋ የማታውቀው ይርጋለም ግራና ቀኝ አየች። ከዚያ አፏን ግራ ጆሮው ላይ ደቅና፣ እንዲሰማላት ባለ በሌለ ኃይሏ ጮኸች።

«አልፈልገውም!»

አያ ገበያው ወደ ሽማግሌዎቹ ዞረ። «እኔ ሰምቻለሁ፤ እናንተስ?»