የቦጋለች ድንጋይ

ልጅ እያለሁ አጎቴ ሽፈራው የቦጋለችን ተራ ዘሎ እኔን ጀልባ ላይ አሳፈረኝ። ይህ ግፍ ነው። ግፍ መሆኑን ያኔም አውቅ ነበር፣ ዛሬም አውቃለሁ፤ ተጽፎ እንዲቀመጥ የምፈልገውም ለዚህ ነው። አጎቴ ሞቷል፣ እናቴም ሞታለች፣ የሚከራከረኝ የለም። ቢኖርም አልረታለትም።

የተወለድኩት ዝዋይ ሐይቅ ውስጥ ካሉት ደሴቶች በአንዷ ነው። ከደሴታችን ወደ ዝዋይ ከተማ የምትሻገር ትልቅ የእንጨት ጀልባ አንዲት ብቻ ነበረች። የምትሄደውም በገበያ ቀን፣ በማለዳ፣ ነፋሱ ሳይነሳ ነው። ከሰዓት በኋላ ሐይቁ ሲቆጣ ጉማሬ እንኳ ደንገል ውስጥ ይሸሸጋል ይባል ነበር። ዛሬም ዓይኔን ስጨፍን የዚያች ጀልባ ሽታ ይመጣብኛል፤ የረጠበ ደንገል፣ የደረቀ ቆሮሶ ዓሣ፣ ሴቶቹ ለገበያ ብለው የተቀቡት ቅቤ። በጎኗ ላይ በሬንጅ የተሰመረ መስመር ነበር። ውሃው መስመሩን ሲነካ ቀዛፊዎቹ "ጠገበች!" ይላሉ። ከዚያ በኋላ ንጉሥ ቢመጣም አይሳፈርም።

ማን ቀድሞ እንደሚሳፈር የሚለየው በድንጋይ ነበር። እያንዳንዱ ቤት ሰው ሁሉ የሚያውቀው የራሱ ድንጋይ አለው። በገበያ ዋዜማ እኛ ልጆች ድንጋያችንን ተሸክመን እንወርድና ሐይቁ ዳር በተርታ እናስቀምጣለን። ቀድሞ ያስቀመጠ ቀድሞ ይሳፈራል፤ ሀብታም የለ፣ ደሃ የለ። የእኛ ድንጋይ ጥቁርና እንደ ዳቦ ክብ ነበር። የነቦጋለች ነጣ ያለ፣ አንድ ጎኑ የተሸረፈ። ሽማግሌዎቹ "የሰው ድንጋይ ያነሳ፣ ውሃ ያነሳዋል" ይሉን ስለነበር ለጨዋታ እንኳ የሌላ ሰው ድንጋይ አንነካም ነበር።

ቦጋለች ጓደኛዬ ነበረች። አባቷ ሞቶ ከእናቷ ጋር ብቻ ትኖር ነበር። በትምህርት ከሁላችን የምትበልጠው እሷ ነበረች፤ መምህሩ ሲጠይቁኝ መልሱን ከከንፈሯ ላይ እያነበብኩ ነበር የምመልሰው። የደሴታችን ትምህርት ቤት ከአራተኛ ክፍል አያልፍም። አምስተኛን ለመማር ዝዋይ ሄዶ መመዝገብ ያስፈልጋል፤ የዚያ ሳምንቱ ገበያ ደግሞ ምዝገባው ከመዘጋቱ በፊት የመጨረሻው ነበር። በዋዜማው እኔ ገበጣ ስጫወት ዘገየሁ። ስወርድ የቦጋለች ድንጋይ ቀድሞ ተቀምጧል። የእኛን ከእሷ ቀጥሎ አስቀመጥኩ።

በነጋታው ሰው ሁሉ በየድንጋዩ ቆመ። ጀልባዋን የሚመራት አጎቴ ነበር። እየጠራ ሲያሳፍር ሲያሳፍር ውሃው ወደ መስመሩ ተጠጋ። ከቀዛፊዎቹ አንዱ "ከእንግዲህ አንድ ልጅ ብቻ!" አለ። ቦጋለች ቀሚሷን ሰብስባ እስከ ጉልበቷ ውሃ ውስጥ ገብታ ነበር። አጎቴ በእሷ ላይ አሻግሮ አየኝና "ወርቄ፣ ነይ ውጪ!" አለኝ።

"የኔ ድንጋይ ነው የሚቀድመው፣ ጋሼ ሽፈራው" አለች ቦጋለች።

"አንቺ በሚቀጥለው ትሄጃለሽ። ዝዋይ ጥሎሽ አይሄድም!"

ጀልባ ላይ ያሉት ሳቁ። እናቷ ከዳር ሆና "ኧረ በእግዜር ሽፈራው፣ አባት የላትም ብለህ ነው?" ብትል አጎቴ ገመዱን መፍታት ጀመረ። እናቴ ከኋላ ገፋችኝ ብል ደስ ባለኝ። አልገፋችኝም፤ በገዛ እግሬ ነው የወጣሁት። ጀልባዋ ስትርቅ ቦጋለች አላለቀሰችም። ድንጋይዋን ከመሬት አንስታ እንደ ሕፃን አቀፈችውና በእርከኑ ወደ ቤቷ ወጣች። ነጭ ነጥብ እስክትሆን አየኋት። በኋላ እናቴን ስጠይቃት "አጎትሽ ድንጋይዋን መቼ አነሳ? ዘለለው እንጂ" አለችኝ። እንዲህ ያለ ክርክር ያኔም አልዋጥልሽ አለኝ።

ቦጋለች በሚቀጥለው ገበያ ስትሻገር ክፍሉ ሞልቷል ብለው መለሷት። በዓመቱ እናቷ ታመመች፣ ከዚያ እሷ ተዳረች፤ በዚያው ቀረች። እኔ ሰባተኛ ክፍል ስደርስ አንድ የጭነት መኪና ሾፌር ወድጄ ደብተሬን ጣልኩ። ማንም አላስገደደኝም።

ኮሮና በገባ ጊዜ ደቡብ አፍሪካ፣ ሜይፌር የሚባል ሰፈር፣ ልጄ ቤት ነበርኩ። የልጄ ባል ሱቅ ከከተማው ወጣ ብሎ ኦሬንጅ ፋርም የሚባል ሰፈር ነው። አንድ ቀን እዚያ ውዬ ስመለስ ታክሲ ተራ ድረስ ሸኘኝ። ታክሲዎቹ ሞልተው እንዳይጭኑ ተከልክለው ነበር። ሰው ተራርቆ እንዲቆምም መሬቱ ላይ በነጭ ቀለም ክብ ክብ ተደርጓል። በየክቡ ላይ ሰው ቆሞ ሳይ ሐይቁ ዳር የቆምኩ መሰለኝ። አንድ ቦታ ሲቀር ተራ አስከባሪው ጭምብሉን ወደ አገጩ አውርዶ "ጎጎ! ጎጎ!" እያለ ጠራኝ። አያቴ ማለቱ ነው። ከፊቴ ያለችውን የጽዳት ሠራተኛ ልብስ የለበሰች ወጣት ደግሞ በእጁ መለስ አደረጋት።

"ምን አላት?" አልኩ።

"አንቺ በሚቀጥለው፣ ነው ያላት። ግቢ እማማ" አለኝ የልጄ ባል።

"አልገባም። ተራው የእሷ ነው።"

"እማማ፣ እዚህ አገር ለትልቅ ሰው ማስቀደም ክብር ነው። ልጅቷም ፈቅዳለች፣ እይ፣ ግቢ እያለችሽ ነው። ሰልፉ ላይ ያሉት ደንበኞቼ ናቸው፣ አታስቂብኝ!"

ሰልፉ በሙሉ ጮኸብኝ። እኔ ክቤ ላይ ተተከልኩ። ወጣቷ እየሳቀች ገባች፣ እኛ ብርድ ላይ ቀረን። የልጄ ባል እስካሁን "ታክሲ ያባረረችው አማቴ" እያለ ያወራብኛል።

ያን ሰሞን በየቤቱ የሞት ወሬ በስልክ ይመጣ ነበር፤ ለቅሶ እንኳ የምንደርሰው በስልክ ነበር። ሳልናገረው እንዳልሞት ፈራሁ። አገር ቤት ያለውን የወንድሜን ልጅ ነዝንዤ ቦጋለችን በኢሞ አገናኘኝ።

"ወይ ጉድ! ወርቄ፣ ጥርስሽ የት ሄደ?" አለች ገና ስታየኝ።

"ደቡብ አፍሪካ በላው" አልኳት።

ተሳሳቅን። ስለ ደሴቷ ጠየቅኳት። አሁን ሞተር ጀልባ አለ፣ ውሃው ከመቆጣቱ በፊት ደርሰው ይመለሳሉ፤ ድንጋይ የሚያስቀምጥ የለም፣ ልጆቹ ድንጋዩ ለምን እንደነበረ እንኳ አያውቁም አለችኝ። እኔ ያ ሁሉ ድንጋይ የት ገባ እያልኩ አሰብኩ። በየቤቱ አጥር ውስጥ ገብቶ ይሆናል። እኔ ግን የእሷን ድንጋይ ይዤው ነው ያረጀሁት። በመጨረሻ "ያን ቀን ተራው ያንቺ ነበር። እያወቅኩ ዝም ብዬ ወጣሁ" አልኳት።

ነጠላዋን አስተካከለች። "ተዪው፣ የልጅነት ነገር ነው" እንዳትለኝ ፈራሁ። ቢሉኝ የማልወደው እሱን ነበር።

"አዎ፣ የኔ ነበር" አለች። "አልረሳሁትም። ለመሆኑ እስከ ስንተኛ ተማርሽ?"

"እስከ ሰባተኛ።"

"ማን አስተወሽ?"

"ማንም።"

ፊቷን ወደ ስልኩ አስጠጋች። እንደ ልጅነታችን፣ መልሱን ሳጠፋው እንደምትቆጣኝ ተቆጣች።

"አይ ወርቄ! የኔን ተራ ከወሰድሽ አይቀር እስከ መጨረሻው ትሄጃለሽ እንጂ፣ ሰባተኛ ላይ ይወረዳል?"