በጓሮ ዞሮ የወጣው ዝሆን

ባለፈው ቅዳሜ የልጅ ልጄ ማሂ ሶፋው ላይ ተጋድማ በስልኳ ቼዝ ስትጫወት ቆይታ፣ በድንገት «ኤጭ! ደግሞ ጥቁር ደረሰኝ!» ብላ ስልኩን ትራስ ላይ ወረወረችው። እኔ በረንዳው ላይ ቁጭ ብዬ ጎደሬ እየላጥኩ ነበር። ውጭ ያለማቋረጥ ይዘንባል፤ ከተማችን ሚዛን ደግሞ መቼ ዝናብ አጥታ ታውቃለች።

«ጥቁር ምን አደረገሽ?» አልኳት።

«ነጭ ይቀድማላ፣ እማማ! ጥቁር እየተከተለ ነው የሚኖረው።»

ጎደሬው እጄን እያሳከከኝ ሳቅኩ። በእሷ ዕድሜ ሳለሁ ነጭ እምብዛም ይዤ እንደማላውቅ ብነግራት የማታምነኝ መሰለኝ።

ቼዝ ያስተማረኝ ዝናብ ነው ማለት ይቻላል። ከትምህርት ቤት ስመለስ ዝናብ ከያዘኝ የምጠለለው ጋሽ ከማል ሱቅ በረንዳ ላይ ነበር። ጋሽ ከማል ከጅማ በኩል የመጡ የጨርቅ ነጋዴ ነበሩ። በከተማው የሚታወቁት ግን ከጨርቃቸው ይልቅ በቼዝ ሰሌዳቸው ነበር። የሰሌዳው ነጭ ጠጠሮች አንድም አልጎደሉም። ከጥቁሮቹ ወታደሮች ግን ግማሾቹ ጠፍተው፣ በምትካቸው ጀንፈል፣ ከነገለፈቱ የደረቀ ቡና፣ ይደረደር ነበር። ነፋስ በመጣ ቁጥር የጥቁር ጦር እየተንከባለለ ከሜዳው ይሸሻል፤ ከጠረጴዛው ሥር ለቅመን እንመልሰዋለን።

አንድ ቀን የዘወትር ተጋጣሚያቸው ሳይመጣ ቀረ። «አንቺ ልጅ፣ ቆመሽ ከምትበሰብሺ ቁጭ በይና ጥቁሩን ያዢ» አሉኝ።

ጥቁሩን ያሉት ያለ ነገር አልነበረም። እኛ ዘንድ ነጭ የታላቅ ነው። የእጅ ውሃ ሲመጣ ታላቅ እንደሚቀድም ሁሉ፣ ቼዝም ላይ የሚጀምረው ታላቅ ነበር። ከጌጫ ወይም ከቱም እንግዳ ከመጣ ደግሞ ነጩ የእንግዳው ይሆናል። ዕጣ ማውጣት፣ ማፈራረቅ የሚባል ነገር አናውቅም፤ ብናውቅም ነውር ይመስለን ነበር። እኔ ደግሞ እዚያ በረንዳ ላይ ከሚቀመጡት ሁሉ ታናሽ ነበርኩ። ስለዚህ ሲዘንብም ሲያባራም ጥቁር ነኝ።

መጀመሪያ ላይ እሳቸው ያደረጉትን እያየሁ እሱኑ እደግም ነበር። ውጤቱ ምን እንደሆነ አልናገርም። በኋላ አዘኑልኝ መሰለኝ፣ አንድ መንገድ አሳዩኝ። የፈረንሳይ መከላከያ ይባላል አሉ፤ ፈረንሳዮች ምን እንዳደረጉበት ግን እሳቸውም አያውቁም።

«ነጩ ወታደሩን ሁለት ሲያራምድ አንቺ አንድ አራምጂ። ፈራች ይበል። ሌላ ወታደር ከጎኑ ሲጨምር ያን ጊዜ ፊቱ ቁሚ። ንቆሽ አልፎ ይገባል፤ ይግባ። ሐረግ አይተሻል አይደል ቡና ላይ ሲወጣ? ጫፉን ብትቆርጪው ይብሳል። ሥሩን ነው መቁረጥ።»

ሥሩ ማለት ወደፊት ለገፋው ነጭ ወታደር ከኋላ ሆኖ ድጋፍ የሚሰጠው ወታደር ነው። በጎን መጥቼ እሱን ስመታ ያ ሁሉ የነጭ ኩራት መወዛወዝ ይጀምራል። ይህን ያየሁ ቀን መጫወቱን ትቼ ሰሌዳውን ትክ ብዬ አየሁት። ለካስ ኋላ የሚነሳም ይደርሳል!

ይህ መንገድ አንድ ችግር አለበት። ጋሽ ከማል ዝሆን ከሚሏቸው፣ በሰያፍ ከሚሄዱት ሁለት ጠጠሮች አንደኛው፣ የገዛ ወታደሮቹ በሩን ዘግተውበት እቤት ይቀራል። «ይኼ ዝሆን የዚህ ጨዋታ ዕዳ ነው» ይሉኝ ነበር። «ታገሺው። አንድ ቀን በንግሥቷ በኩል ታስወጪዋለሽ።» እኔም ያንን ዝሆን ከሁሉ አብልጬ ወደድኩት፤ ለምን እንደሆነ እንጃ። ተዘግቶበት መቆሙ አሳዘነኝ መሰለኝ።

በዚያው ዓመት ቴፒ ላይ የቼዝ ውድድር ተዘጋጀ፤ አሸናፊው ጅማ ሄዶ ይጫወታል ተባለ። ጅማን አይቼ አላውቅም። ከጋሽ ከማል አፍ ስለ ጅማ የሰማሁት ግን ብዙ ነበር፤ ገበያው፣ ሰፋፊው መንገድ፣ በምሽት የሚበራው መብራት። እንቅልፍ አሳጣኝ። እናቴ «ካሸነፈች ትሂድ» አለች፤ ማሸነፌን ስላልጠበቀች ለመፍቀድ አልተቸገረችም። ጋሽ ከማል ሱቃቸውን ጥለው መሄድ አልቻሉም። ቆሎ ቋጠሩልኝና «ዝሆኑን አትርሺ» ብለው ሸኙኝ።

መንገዱ ቀይ ጭቃ ነበር። አውቶቡሱ ሲያዝ ወርደን እንገፋለን፤ ሲለቀቅ ጭቃ ለብሰን እንሳፈራለን። ግን ቡናው አብቦ ነበር። በዛፎቹ ጥላ ሥር ነጭ በነጭ ሆኖ፣ ሽታው በመስኮት ሲገባ የሚጣላ ተሳፋሪ እንኳ ዝም ይላል።

ቴፒ ላይ ለራሴም በገረመኝ ሁኔታ እያሸነፍኩ እስከ መጨረሻው ጨዋታ ደረስኩ። ተጋጣሚዬ ጋሽ ታደሰ የሚባሉ፣ ፀጉራቸው የሸበተ የቡና ባለሙያ ነበሩ። እስከዚያ ድረስ ተጋጣሚዎቼ ሁሉ ታላቆቼ ስለነበሩ ነጩን ያለ ንግግር ሰጥቻቸዋለሁ፤ ማንም አልከለከለኝም። ለመጨረሻው ጨዋታ ግን ዳኛው ዕጣ ይውጣ አለ። ነጭና ጥቁር ወታደር በሁለት ጭብጦቹ ደብቆ ዘረጋልኝ። ግራውን መረጥኩ። ነጭ።

ደነገጥኩ። «ጋሼ፣ እርስዎ ይጀምሩ» አልኩ።

«ኧረ ዕጣው ያንቺ ነው፣ ልጄ።»

«እርስዎ እያሉማ አይሆንም።»

«በሞቴ ጀምሪ!»

ዳኛው ትዕግሥቱ አለቀ። «ይኼ ምሳ አይደለም፤ ጨዋታ ነው! ልጅቷ ትጀምር!»

እያፈርኩ ወታደሬን ሁለት አራመድኩ። ጋሽ ታደሰ ሰሌዳውን ትንሽ አዩና የእሳቸውን አንድ ብቻ አራመዱ። የእኔን መንገድ! የቤቴን በር ከፍቼ ሌላ ሰው ወንበሬ ላይ ቁጭ ብሎ ያየሁ መሰለኝ።

ከዚያ በኋላ ተረጋጋሁ። ቤቱን አውቀዋለሁ። ሥሩን እንደሚመቱ አውቃለሁ፤ በፈረሴ ጠበቅኩት። ዝሆናቸው በንግሥቷ በኩል ሊወጣ እንደሚሞክር አውቃለሁ፤ በሩን ዘጋሁበት። ጅማ ደረስኩ አልኩ በሆዴ።

ጋሽ ታደሰ ግን ዝሆኑን አንድ እርምጃ ብቻ አወጡት። ቀጥሎ ወደ ኋላ መለሱት፣ ወደ ንጉሣቸው ሰፈር። ተሳስተው መስሎኝ ልስቅ ደረስኩ። ቀጥሎ ያ ተዘግቶበት የኖረ ዝሆን ከወታደሮቹ ጀርባ፣ በጓሮ ዞሮ፣ በንጉሡ በኩል እስከ ሰሌዳው ጠርዝ ሄደና ቆመ። ፈረሴን ከንግሥቴ ጋር አጣብቆ ያዘው። ፈረሱ ቢነቃነቅ ዝሆኑ ንግሥቴን ይበላታል። ሥሬን የሚጠብቀው ያ ፈረስ ነበር።

 መሸነፌን ወዲያው አይቻለሁ፤ ግን መጀመሪያ የተሰማኝ ሽንፈቱ አልነበረም። ያ መንገድ ሁልጊዜ እዚያው ነበር። በየቀኑ ዓይኔ ሥር ነበር። እጄን አፌ ላይ ጭኜ ቀረሁ። ጋሽ ታደሰ ቀና ብለው አዩኝና «ያምራል፣ አይደል?» አሉኝ፣ እሳቸው እንዳልሠሩት ሁሉ።

ለጅማ ያለቀስኩት በማግስቱ አውቶቡስ ውስጥ ነው፤ ከልቤ አለቀስኩ። የአበባው ሽታ እንኳ አላጽናናኝም።

ጋሽ ከማል ገና ከሩቅ ሲያዩኝ ገባቸው። «በምን?» አሉ ብቻ።

«በእኛው መንገድ በራሱ» ብዬ ሰሌዳውን ዘረጋሁ። ጨዋታውን አንድ በአንድ አሳየኋቸው። ዝሆኑ ወደ ኋላ ሲመለስ ፊታቸውን ቋጠሩ። ዞሮ ሲወጣ እጄን ያዙኝ።

«ቆይ፣ ቆይ። ድገሚው።»

ደገምኩላቸው። ደንበኛ መጥቶ አቡጀዲ ጠየቀ፤ አልሰሙትም። «ወላሂ» አሉ ቀስ ብለው፣ «ዕድሜዬን ሙሉ ይኼን ምስኪን በንግሥቷ በር ብቻ ሳስወጣ ኖሬያለሁ።» ዓይናቸው እንባ አቅርሮ ነበር፤ ፊታቸው ግን ይስቃል። ከዚያ ሰሌዳውን አዞሩትና ነጮቹን ወደ እኔ አደረጉ።

«ጋሼ፣ ይኼማ አይሆንም!»

«ዛሬ አንቺ ጀምሪ። እኔ ልማር።»

ታላቅ ለታናሽ ነጭ ሲሰጥ ያየሁት ያኔ ብቻ ነው። ጅማን በኋላ ብዙ ጊዜ አየኋት፤ ደህና ከተማ ናት። ያን ከሰዓት ግን አትተካውም።

ጋሽ ከማል ካረፉ ቆይቷል። ሰሌዳው እኔ ጋ ቀርቷል። ቅዳሜ ዕለት እጄን ታጥቤ ከሳጥን አወጣሁትና ማሂ ፊት ዘረጋሁት። ጀንፈሎቹን አይታ ሳቀች፤ ከዚያ ጠጠሮቹን መደርደር ጀመረች። ነጩን ለራሷ ታደርጋለች ብዬ ስጠብቅ ሰሌዳውን አዞረችው።

«ጥቁር አልወድም ስትይ አልነበር?» አልኳት።

«አልወድም። ግን አንቺ ትልቅ ነሽ።»

ይህን ማን እንደነገራት አላውቅም፤ እኔ አልነገርኳትም። ከነጮቹ ጀርባ ቁጭ ብዬ፣ በዚያ በረንዳ ከነበሩት ሁሉ የቀረሁት እኔ ብቻ መሆኔ ድንገት ተሰማኝ። ወታደሬን ሁለት አራመድኩ። ማሂ ከንፈሯን ነክሳ ብዙ አሰበችና ጀንፈሏን በአንድ ጣት ገፋ አደረገቻት። አንድ ብቻ።

እኔ ግን ያየሁት ከጀንፈሏ ኋላ ነበር። ዝሆኑ ተዘግቶበት ቆሟል። እጄን አፌ ላይ አደረግኩና፣ በየት በኩል እንደምታስወጣው ለማየት ጠበቅኩ።